ሁለተኛው የእኩል ምልክት

በመስኮት የሚገባው የእሸት ቡና ሽታ ጠዋቱን ሙሉ አላስቀምጥ ብሎኛል። ቴፒ ውስጥ እማዬ አባል ለሆነችበት የቡና ገበሬዎች ማኅበር የሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሁሉንም ሰው ቡና አንደኛ ደረጃ ይላል። ስህተቱን ፍለጋ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ልጅ ሆኜ የእማዬ ሱቅም እንዲሁ ይሸት ነበር። አንድ ቀን ከአንዲት የሸኮ ሴትዮ እሸት ቡና ስትገዛ ሚዛኑን እንድይዝላት ሰጠችኝ። ውጭ ጓደኞቼ ገመድ ይዘላሉ፤ ሁለቱ ሳህኖች ግን መወዛወዛቸውን አልተዉም። ቸኮልኩና ከፍ ያለውን ሳህን በጣቴ ጫን አድርጌ፣ "እኩል ሆነ!" አልኩ።

እማዬ እጄን ቸብ አደረገችው።

"እኩል ነህ ወይ ብለሽ ጠይቂው እንጂ እኩል ሁን ብለሽ አትዘዢው!"

ሚዛን ደግሞ እንዴት ይጠየቃል ብዬ አኮረፍኩ።

አሁን ስህተቱን ስክሪኑ ላይ አየሁት። በዚህ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ የእኩል ምልክት ያዛል፤ ሁለት ሲደረደር ነው የሚጠይቀው። እኔ "ደረጃው አንድ ነው ወይ?" ማለት ሲገባኝ "አንድ ሁን" ብዬ ጽፌአለሁ። ሁለተኛዋን ምልክት ጨመርኩ። ከደረጃ የወረዱት ስሞች በቀይ ተደርድረው መጡ።

የመጀመሪያው የእማዬ ነው።

ጣቴ የጨመርኳትን ምልክት ወደሚያጠፋው ቁልፍ ሄደ። ራሴው ቸብ አደረግኩት።