በሙጫ የተቀጠለ ጭራ

የቢቸናው ከፋለ ቂምን እንደ ዘር እህል የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ ክረምቱ ቢከፋም አይነካውም፣ ለአይጥም አያስበላውም። ሥራው ለእርሻ መሥሪያ ቤት ነፍሳት መልቀም ነው። የሰፈሩ ሰው «ዝንብ ለቃሚው» እያለ ይስቅበታል፤ እሱም የሳቀበትን አይረሳም።

ከየጁቤ በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ማሽላ ላይ፣ ሰሊጥ የምታህል ነፍሳት አገኘ። አገዳው ላይ ተለጥፋ ውሃውን ትመጥጣለች፤ ሰው ሲቀርባት ዞራ ትደበቃለች፣ ሲነኳት ተፈናጥራ ትጠፋለች። የኋላ እግሯ ላይ የምታንቀሳቅሰው ሹል ነገር አለ፤ ወገኗ የሚታወቀው በሱ ነው። ዝርያዋን ለመለየት ግን የወንዱን ጭራ በአጉሊ መነጽር ማየት ግድ ይላል። ከፋለ አየው። ከሚታወቁት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በሞተችው እናቱ በሀብትነሽ ስም እንድትጠራለት ለምኖ ሞጣ ላለው አለቃው ለአቶ የሻው ላካት።

የሻው «እኔ ነኝ ያገኘኋት» ብሎ አዲስ አበባ ላለ የነፍሳት ሊቅ ሰጣት። ነፍሳቷም በየሻው ስም ተጠራች።

ከፋለ ይህን ሲሰማ አንጀቱ አረረ። በእናቱ ፈንታ ያ ሌባ ማሽላው ላይ ሲዘል ይኑር? አልጮኸም፣ አልከሰሰም። ካንዷ ነፍሳት ገላ ወሰደ፣ ከሌላ ዝርያ ጭራ ወሰደ፣ በመርፌ ጫፍ በነካው የግራር ሙጫ አጣበቃቸው። «ይህችም አዲስ ሳትሆን አትቀርም፣ ለእርስዎ ትሁን» ብሎ ሞጣ ሰደዳት። ሊቁ ጭራዋን ለመመርመር ውሃ ውስጥ ይነክራታል፣ ሙጫው ይሟሟል፣ የሻውም አጭበርባሪ ተብሎ ይዋረዳል። ከፋለ ይህን እያሰበ ምግቡ ሁሉ ይጥመው ጀመር።

ሁዳዴ ሲገባ የሻው ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከፋለ ደጅ ላይ ተደፋ። የንስሐ አባቱ «የሰረቅኸውን ሳትክስ አልፈታህም» ብለውት ኖሯል። ከፋለ ያን ወፍራም አንገት ድንጋይ ሥር ሲያየው ደስ አለው፤ ግን አልበቃውም።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ከደብረ ወርቅ የመጡት ቄሱ መሪጌታ አካለ ወልድ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ። ሆድህ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ አሁን አውጣው» አሉት።

ሙጫው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው።

«ምንም የለኝም መሪጌታ። ይቅር ለእግዜር!» ብሎ መስቀሉን ተሳለመ፤ ድንጋዩንም ከየሻው አንገት አወረደ።

የሻው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። «ወንድሜ፣ ካሳህን ከፍዬ ነው የመጣሁት። ያችን የኋለኛዋን አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ በእጄ ሰጠሁልህ። ‹ያገኛትም የለያትም ከፋለ ነው፣ ስሟም ሀብትነሽ ይባል› ብዬ ሰው ሁሉ ፊት መሰከርኩልህ።»

ከፋለ ካወረደው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎቹ ደስታ መስሏቸው ደግፈው አነሡት፤ የሰፈሩ ሴቶችም እልል አሉ።

ሊቁም ነከራት፣ ጭራዋም ወለቀ። ከዚያ ወዲያ ከከፋለ እጅ ትንኝ እንኳ እንዳይቀበሉ ታዘዘ። መሥሪያ ቤቱም የተቀጣጠለ ነገር ባየ ቁጥር «ሀብትነሽ» እያለ እናቱን መሳቂያ አደረጋት።

ይህን ሁሉ አላምንም ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የሻው። «ከፋለ ይህን አያደርግም፣ መስቀል ስሞ ታርቆኛል» እያለ አዲስ አበባ ወጥቶ ከአለቆቹ ጋር ተጣላ፤ በዚህም ከሹመቱ ወረደ።

ከፋለ ይህን የሰማ ዕለት ከበፊቱ ይልቅ አምርሮ ጠላው።