ቅጠል የዘነበበት ተራራ

ዛሬ ጠዋት ክሊንተንቪል ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ላይ የረገፈውን ቅጠል ስጠርግ፣ የእርጥብ ቅጠልና የአፈር ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

የኮቪድ ሁለተኛ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነበር። እናቴ ኮሎምበስ ከተማ ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ። አባቴ ዲቪ ደርሶት ይዞኝ ሲመጣ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አያቴን ለማስታመም አገር ቤት ቀረች፣ ከዚያ ወረቀቱ ተጓተተ፣ ከዚያ ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋው። ዘጠኝ ዓመት በስልክ የማውቃት ሴት ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ጠባብ ቤታችን ስትገባ፣ ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ። በአማርኛ ስትጠይቀኝ በእንግሊዝኛ እመልስላት ነበር። እሷ አባቴን ታያለች፤ አባቴ ይተረጉማል።

አንድ እሑድ አባቴ ከሚሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ ኦፍ ነበርና፣ «ዛሬ ተራራ ላሳያችሁ» ብሎ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ነዳ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጆሮዬ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫዬን ሰካሁ። ጠመዝማዛውን መንገድ መውጣት ስንጀምር ግን ከከፍታው የተነሣ ጆሮዬ ተደፈነ። ማዳመጫውን አውልቄ ቀና ስል ተራራው በሙሉ የሚነድ መሰለኝ። ፀሐዩ በቀዩና በቢጫው ቅጠል መሀል እያለፈ፣ መሪውን የያዙትን የአባቴን እጆች ሳይቀር በማር ቀለም ነከራቸው።

«ደኑን ምን ነካው? ታሞ ነው?» አለች እናቴ።

«አይ፣ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል እንዲህ ነው» አላት አባቴ።

«ሊረግፍ ሲል!» ብላ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰች ይመስል ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ጫፉ ላይ ከመኪናው ወረድን። ማስክ ያደረጉ የማናውቃቸው ሰዎች ሸለቆውን ያዩ ነበር። ድንገት ከታች ነፋስ ተነሣና ዛፎቹ ሁሉ ባንዴ ቅጠላቸውን ለቀቁት። ሰማዩ በቅጠል ተሞላ፤ እንደ ዝናብ ወረደብን። ማንም አልተነቃነቀም። እናቴ ብቻ ሁለት እጇን ዘርግታ ሳቀች፤ ጮክ ብላ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ።

ያንን ሳቅ አወቅሁት። በስልክ ስታለቅስ እንጂ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ እሱ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ እስከዚያች ቀን ሆዴ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል።

«እማ» አልኳት።

«ወዬ» አለች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጠገቧ ሆኜ ስጠራት የኖርኩ ያህል ፈጥና።

ጠጋ ብላ፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ የሆንኩ ይመስል፣ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘጋችልኝ። እኔም ቀና ብዬ ቆምኩላት።