የቼሪ እርሻው የምርጫ ክልል

የምርጫ ክልል ታሪክ እንዲህ ያስፈነድቀኛል ብዬ መች አስቤ! ሳን ሆዜ የምኖርበት ሰፈር፣ ዛሬ አፓርታማ በአፓርታማ የሆነው፣ ድሮ የቼሪና የአፕሪኮት እርሻ ነበር። ገበሬዎቹ ለስቴቱ ምክር ቤት የራሳቸውን ሰው የሚልኩበት የገጠር ምርጫ ክልል ነበራቸው። ላይብረሪ ቁጭ ብዬ የድሮ ካርታዎች ሳገላብጥ ነው ያየሁት። ከተማው በሰፋ ቁጥር ክልሉ ተሸረፈ፣ ተሸረፈና ጠፋ።

አሁን ደግሞ የአዲስ የምርጫ ክልል ካርታ ረቂቅ ወጣና መስመሩ የእኛን መንገድ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው! ሱቆቻችን ወዲህ፣ ቤታችን ወዲያ። አቤት ልንል ብንሄድ የአንዱ ክልል ተመራጭ ቢሮ ወደ ሌላው ሊያመላልሰን ነው። ደሜ ፈላ። ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ እንዳለ ስሰማ ጎረቤቴን አቦይን ያዝኩ። አቦይ ኤርትራዊ ናቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው የመጨረሻዎቹን ቼሪዎች የለቀሙ ሰው። «እርስዎ ካልተናገሩ ማን ሊናገር ነው?» ብዬ ይዣቸው ሄድኩ።

ተራቸው ደረሰ። ማይኩ ጋ ደርሰው ዞር ሲሉ ከኋላቸው አንዲት የሰፈራችን እናት ቆመዋል።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሏቸው አቦይ።

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»

«አይሆንም፣ እግርዎን ያምዎታል እኮ።»

«ኧረ በእመብርሃን!»

አቦይ ሲያስቀድሙ እናትየዋ ሲመልሱላቸው፣ ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አይታ «ጊዜው አልቋል» ብላ ስብሰባውን አትዘጋው መሰላችሁ!

ብድግ ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ። «እየተከባበሩ እኮ ነው! ገና አልጀመሩም!» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰብሳቢዋም እየሳቀች አንድ ደቂቃ ፈቀደችላቸው።

አቦይ ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዚያች እንግሊዝኛቸው «ገበሬዎቹ ‹ክልላችን ሲከፋፈል ዝም አልን› ብለው ቼሪ ስንለቅም ያጫውቱኝ ነበር። ዛሬ እነሱም የሉም፣ እርሻውም የለም። እኛ ግን አለን» አሉ። በቃ፣ ይቺው ናት።

የመጨረሻው ካርታ የወጣ ቀን ስልኬ ላይ ዙም አድርጌ አየሁ። መስመሩ ወደ ሃይዌዩ ተገፍቷል፣ መንገዳችን ሙሉ ነው! ቢሮ ውስጥ መሆኔን ረስቼ እልል አልኩ። ወዲያው አቦይ ጋ ኮል አደረግኩ። ነገርኳቸው።

«አቦይ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ ልጄ» አሉ። «እዚህ አገር ተናግሬ ሰው ሲሰማኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»