ያልተወለደው ጥጃ

አገኘሽ ያደገችው ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር፣ ከአባቷ በረት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ስትሠራ፣ እጇን አስገብታ የላም እርግዝና ወር ስትናገር ብትስት በሳምንት ነው። ዲፕሎማ እንጂ ሌላ የላትም፤ ገበሬው ግን «ዶክተር» ይላታል። ስትቆጣ ታስፈራለች፤ ብዙ ጊዜም ትቆጣለች።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን የአንድ ሰፊ እርሻ ካቦ፣ ሠራተኛውን የሚያዘው ደሴ፣ ለካምፑ ምሳ የምትታረድ ቀይ ላም እየነዳ ለምርመራ መጣ። አገኘሽ መረመረቻት።

«የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አትታረድም።»

«ዶክተር፣ አሁን ሌላ ከብት ከየት ላምጣ? ደግሞ ሳይወለድ ምን ሕይወት አለው? አየር አልሳበ፣ ሣር አልነጨ።»

አገኘሽ እጁን ይዛ በላሟ ቀኝ ጎን፣ ወደ ታች በኩል ተጭና አቆየችው። ጥጃው ከውስጥ መታው። ደሴ እሳት እንደነካው ሰው እጁን መነጨቀ።

«ይኸ ማን ነው ታዲያ?» አለችው። «መልሳት።»

እሺ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የእርሻው ትራክተር ነጂ እንግዳው፣ ላሟ ጧት እዚያው ካምፕ መታረዷን ነገራት። ደሟ ፈላ። ከሁሉ ይልቅ በራሷ ተናደደች፤ የደሴን ቃል አምና ላሟን ለቃለት ነበርና። ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ጥጃው ከካምፑ አጠገብ ካለው የማሽላ ማሳ ጀርባ ቦይ ውስጥ ተጥሏል። ጠጉር አብቅሏል፣ ሽፋሽፍት አለው፣ ኮቴው ገና አልጠነከረም። ዝንብ ወሮታል። በነጠላዋ ጠቅልላ ተሸከመችው፤ ሠራተኞቹ ምሳ ከሚጠብቁበት ዳስ ገብታ ከድስቱ አጠገብ መሬት ላይ ገለጠችው።

«ይህን እያያችሁ ብሉ። ካቧችሁ ሕይወት የለውም ብሏል።»

ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ፣ ባየልኝ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ።

«እኔም አገሬ ላም አለችኝ» አሉ። «የከበደች ላም ስትታረድ አላየሁም። አልበላም።»

ብዙዎቹ ሳህናቸውን አስቀመጡ። ሁሉም አይደሉም፤ የራበው በላ።

ደሴ «ሠራተኛ አሳደመችብኝ» ብሎ ከሰሳት። አለቃዋ ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይለቅ ቢላት፣ «ላሟን አምጣልኝና እሷን ልጠይቃት» አለችው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ሳትፈርም ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

ደሴ ዛሬም ከብት ያስመረምራል፤ የሚያመጣው ግን ወይፈን ብቻ ነው። ሰላምታ አይሰጣትም። እሷም አትሰጠውም።