የፍሪዌይ እሹሩሩ

አብዱልሀሚድ ከአፉ «አላውቅም» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ኮምቦልቻ ሳለ መንገድ ለጠየቀው ሁሉ፣ ቦታውን ሰምቶት ባያውቅም እንኳ፣ እጁን ዘርግቶ በሙሉ ልብ ያመላክት ነበር። ላስ ቬጋስ መጥቶ ዘጠኝ ዓመት ሊሞዚን ሲነዳም ያው ነው። ቁማር ሐራም ነው ብሎ በጣቱ ነክቶት የማያውቀው ሰውዬ፣ የትኛው ማሽን እንደሚበላና የትኛው እንደሚያበላ ለቱሪስት ያስረዳ ነበር። ሹፌር ጓደኞቹ «አብዱል አውቃለሁ» የሚል ስም አወጡለት። ይህንንም ታሪክ የሚያወራው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ካወራው አንዳንድ ነገር ይቀንስበታል ብሎ ይፈራል።

በ2020 መጋቢት ካዚኖዎቹ ተዘጉ፣ ሊሞዚኑም ቆመ። ሚስቱ ጠይባ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ ከሚባለው ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የቀን ሺፍት አገኘች። እሱ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ኢማንን ይዞ ቤት ቀረ። ልጅ መያዝ ምን ይከብዳል? ያውቅበታል። እውነትም እስከ ምሳ ድረስ ደህና ይውሉ ነበር። የእንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ ግን ኢማን አባቷን ከላይ እስከ ታች ታየውና «ኖ፣ አንተ አይደለም። ማሚ» ትላለች። አቀፋት፣ አዘላት፣ ካርቱን ከፈተላት፣ ለመናት። ወይ ፍንክች! ስንቱን የማያውቀውን ሰው ከኋላ ወንበር ሲያንኮራፋ ሆቴሉ በር ድረስ ያደረሰ ሹፌር፣ የገዛ ልጁን ዓይን ማስከደን አቃተው። ይስቅበታል እንጂ ነገሩ ከልቡ አስከፍቶት ነበር።

በመስከረም ሰመርሊን ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የአይሁድ መዋዕለ ሕፃናት የቫን ሹፌር ፈለገ። ልጅህን ይዘህ መምጣት ትችላለህ ሲሉት ደስ ብሎት ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወላጆቹ ቫይረሱን ፈርተው ልጆቻቸውን በየራሳቸው መኪና ማምጣት ጀመሩ። ቫኑ ቆመ፤ አብዱልሀሚድም የእንቅልፍ ክፍል ረዳት ተደረገ። በሕይወቱ አንድ ልጅ ያላስተኛ ሰው ለአስተኚነት ተቀጠረ ማለት ነው።

የቤቱ ኃላፊ ሚስ ሪቭካ ስድሳውን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። ሕፃን ልጅ፣ አይሁዶች በየአገሩ ልጆቻቸውን ያባበሉባቸውን ቋንቋዎች ሁሉ በጆሮው ሊለምድ ይገባዋል ብለው ያምናሉ። ሰኞ በዕብራይስጥ ይዘፍናሉ። ማክሰኞ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አውሮፓ ይዘውት በመጡት በዪዲሽ ነው። ረቡዕ ከስፔን የተባረሩት በሚናገሩት በላዲኖ፣ ሐሙስ ደግሞ በባግዳድ አይሁዶች ዐረብኛ። ጣት እየተቆጠረ የሚባል አለ፣ ጆሮ እየተነካ የሚባል አለ። ከዘጠኙ ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ ቀድማ ድርግም የምትለው ኢማን ነበረች። በዪዲሽ! አንድ ቃል በማታውቀው ቋንቋ! አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እያየ ቀና። አዎ፣ በስድሳ ዓመት ሴትዮ ቀና።

አንድ ቀን ሚስ ሪቭካ ጠሩት። «አብዱል፣ አርብ ባዶ ነው። የኢትዮጵያ አይሁዶች ልጆቻቸውን በአማርኛ ምን እያሉ ነው የሚያስተኙት? አንድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ።

የሚያውቀው «እሹሩሩ» የምትለዋን አንዷን ቃል ነበር። ጠይባን ቢጠይቅ ሙሉውን ታስተምረው ነበር፤ ግን መጠየቅ ደግሞ አላውቅም ማለት ነው። ድምፁም ቢሆን ያው ነው። መንዙማ በሚያምርበት በወሎ ምድር ተወልዶ፣ ከቤተ ዘመዱ መካከል «አንተ ማጨብጨቡ ይበቃሃል» የተባለው እሱ ብቻ ነው።

አርብ ደረሰ። ማስኩን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ «እሹሩሩ» ብሎ ጀመረ። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። የሚቀጥል ነገር የለም። አፉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበርና እሱው መጣ፤ ከሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር እንግዳ ጭኖ መሀል ከተማ ሲገባ የሚያልፋቸው የአይ-15 ፍሪዌይ መውጫዎች። «እሹሩሩ... ብሉ ዳይመንድ... ራስል... ትሮፒካና... ፍላሚንጎ... ስፕሪንግ ማውንቴን... ሳሃራ... ቻርልስተን...» ማስኩ ያፍነዋል፣ ዜማውም ያለሰልሰዋል ብሎ ተማመነ። ልጆቹ በጣም ወደዱት። ቻርልስተን ላይ ሲደርስ ሁሉም ያጨበጭባሉ። የተኛ ልጅ ግን አልነበረም። ኢማን ጀርባዋን ሰጥታው ሚስ ሪቭካን ፍለጋ በሩን ታያለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉና በ2021 የካቲት ሚስ ሪቭካ እንግዳ ጋበዙ። እማማ ዕንቁ ይባላሉ፤ ጎንደር ገጠር ተወልደው እስራኤል የገቡ አይሁድ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዛላቸው በዙም ቀረቡ። ወላጆችም በየቤታቸው ሆነው ይመለከታሉ። «ልጆቻችን የእርስዎን አገር እሹሩሩ ያቀርቡልዎታል!» አሉ ሚስ ሪቭካ። አብዱልሀሚድ ኢንተርኔቱ እንዲቋረጥ ዱዓ አደረገ። አልተቋረጠም። ልጆቹ ከብሉ ዳይመንድ እስከ ቻርልስተን አንድ ሳይዘሉ ዘለቁት፤ አጨበጨቡም።

እማማ ዕንቁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ» አሉት በአማርኛ፣ «ይህ ሳሃራ የምትሉት ምንድን ነው?»

«መንገድ ነው እማማ።»

«ቻርልስተንስ?»

«እሱም መንገድ ነው።»

«ታዲያ ልጆቹን ታስተኛቸዋለህ ወይስ ትሸኛቸዋለህ?»

በእሱ በኩል ከትንሿ ኢማን በቀር አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው የለምና ሁሉንም ዘረገፈው። ዘፈን እንደማያውቅ፣ አፍሮ እንደፈጠረው፣ የገዛ ልጁ ለሌላ ሰው እንጂ ለእሱ እንደማትተኛ ነገራቸው።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሦስት አልፏታል።»

«አንተስ ማስተኛት ከጀመርክ?»

«ከአምና መጋቢት ወዲህ።»

«ከዚያ በፊትስ የት ነበርክ?»

«ሺፍት ላይ። ኦቨርታይም ላይ።»

«እንግዲያው ገና አላወቀችህም» አሉ እማማ ዕንቁ። «በማታውቀው ሰው ፊት ዓይኗን ትጨፍን? ዘፈኑን እኔ አስተምርሃለሁ። እሷን ግን ራሷን ጠይቃት።» ከዚያም የራሳቸውን እሹሩሩ በቀጭን ድምፅ አወረዱት፤ ልጆቹ ያለወትሯቸው ጸጥ አሉ።

«ምን አሉህ?» አሉ ሚስ ሪቭካ።

«እሹሩሩ አላውቅም» አለ አብዱልሀሚድ። «የተናገርኩት ውሸት ነው። አላውቅም።»

ሚስ ሪቭካ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቻርልስተን ወጥቼ ነው ቤቴ የምገባው፤ የማልሰማው መስሎህ ነው?» ስክሪኑ ላይ ያሉት ወላጆችም ይንከተከታሉ። ልጆቹ ቤት ሄደው ሲዘፍኑት ሰምተው ከመጀመሪያው አርብ ጀምሮ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የቬጋስ ሰው ሳሃራን በዜማ ሲሰማ የማያውቀው የሚመስለው ቂል እሱ ብቻ ነበር። «ልጆቹ ስለወደዱት ዝም አልኩ» አሉት። «ደግሞም አንድ ቀን እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር።»

ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ከኢማን ፍራሽ አጠገብ ተንበረከከ። አፍሯል፤ አሥራ አንድ ወር አብሯት ውሎ ይህን አንዴም አለመጠየቁ ደግሞ ከዙሙ የበለጠ አሳፈረው።

«ኢማንዬ፣ እንዴት እንደማስተኛሽ አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ብዙ አሰበች። «ኖ ሶንግ» አለች። «እዚህ ተኛ። ቶክ አታድርግ።»

ተጋደመ። ፍራሹ የሕፃን ስለሆነ ከወገቡ በታች ያለው ወለሉ ላይ ቀረ። ዝም ማለት ይህን ያህል እንደሚከብድ አያውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ መልሶ ዘጋው። ቀስ እያለች ተጠጋች። ጣቶቿን ጢሙ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ጭንቅላቷም ክንዱ ላይ ከበደው። መነቃነቅ ፈርቶ ትንፋሹን ያዘ።

ሚስ ሪቭካ እንደ ልማዳቸው ሊዘፍኑ በሩን ከፈት አደረጉ። ኢማን ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን አነሳችባቸው።

«ሽሽ» አለች። «አባቢ እያስተኛኝ ነው።»