ሶኬቱን ማን ይዞለት ነበር?

እናቴ ኩዌት ድረስ ደውላ «አጎትሽን ትንሽ አሞት ነበር» ስትለኝ፣ ከኋላዋ ለቅሶው ይሰማኝ ነበር። ስወተውታት አወጣችው። እኔ የላክሁላትን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊሠራ ጀሞ ቤታችን መጥቶ፣ እዚያው ወድቆ ቀረ።

አገር ቤት ሳለሁ ማሽን ከመፍታቱ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ እጄ ላይ ያስቀምጠው ነበር። «ያዢልኝ፤ ነፍሴን ነው የሰጠሁሽ።»

«ጋሼ፣ መብራት እኮ የለም!»

«ሲመጣ አንቺን አስፈቅዶ ነው?»

ከዚያ ያማትብና ልብሱ የሚገባበትን በርሜል በእጁ እያዞረ ያዳምጣል። በርሜሉን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይሁን ፓምፑ ተደፍኖ፣ በድምፁ ይለየዋል። እኔም ሥራው እስኪያልቅ ሶኬቱን እንደ ጨበጥኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ያን ቀን ግን አጠገቡ አልነበርኩም።

እናቴ «መብራት ጠፍቶ ነበር» ብላኛለች። ይህችው ቃል ከጸሎቴ መሀል እየገባች ታቋርጠኛለች።

እዚያ የነበራችሁ ዘመዶቼ፣ በማርያም ይዣችኋለሁ፣ «በሰው አገር ብቻዋን ናት» ብላችሁ አትደብቁኝ። ልቡ ነው የከዳው ወይስ መብራቱ መጥቶበት? ለሱ ነፍስ ብቻ ልጸልይ ወይስ ማሽኑን ለላክሁት ለኔም ይቅርታ ልለምን? ቁርጡን ንገሩኝ።