ገፊው ኬልቪን

ኬልቪን ትሬጌር በደቡብ አውስትራሊያ የስንዴ አገር ሃያ ዓመት በመኪና ተሽቀዳድሞ አንድም ቀን አንደኛ አልወጣም። መኪናውን ሲሸጥ ክለቡ ፒክአፕ ሰጥቶ አከበረው። በጭቃ ሜዳ የሚሮጡት፣ ጎማቸው ራቁቱን የወጣው መኪኖች ሞተር ማስነሻ የላቸውም፤ ከኋላ ካልተገፉ አይነሱም። ስለዚህ ኬልቪን ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላውን ሁሉ እየገፋ ወደ ክብር ይሸኛል፤ የተገፋው ሲፈተለክ እሱ ፍሬን ይዞ ይቀራል። የክለቡ ሊቀመንበር፣ በዕድሜው አንድ ዙር ያልነዳ ሥጋ ሻጭ፣ በድምፅ ማጉያ “የስፖርታችን የጀርባ አጥንት!” ይለዋል። ለጀርባ አጥንት ግን የሽቅድምድም መኪና መሪ አይሰጥም።

አንድ ቅዳሜ የመኪና ባለቤቷ የግሌኒስ ፖልግሬን ሹፌር በማጣሪያው ውድድር ተገልብጦ እጁ ተሰበረ፤ መኪናው ግን ተረፈ። ግሌኒስ መጥታ የፒክአፑን መስኮት አንኳኳች።

“ኬል፣ የሹፌሬ ቱታ ይበቃሃል ወይስ ሆድህ ውጭ ይቀራል?”

“ትንፋሼን እይዛለኋ!”

ሚስቱ ኖሊን መሃል ሜዳው ላይ ቋሊማ ከምትጠብስበት ድንኳን ብቅ አለች። “አንተ ሰውዬ! በስልሳ ዓመትህ?”

“አንዲት ቀን ከሁሉም ፊት ሆኜ ልጨርስ፣ ኖል። ከዚያ ከፈለግሽ ቅበሪኝ።”

“ደግሞ ለቀብርህ ልጥበስ?” አለችና የቱታውን ዚፕ ራሷ ጎትታ ዘጋችለት።

በራስ ቁሩ መስታወት ላይ ስስ ላስቲኮች ተደራርበው ይለጠፋሉ፤ ጭቃ ሲሸፍንህ የላይኛዋን ብቻ ትልጣለህ፣ ከሥሯ ንጹሗ ትጠብቅሃለች። በዋናው ውድድር ኬልቪን ሁለተኛ ሆኖ ሲከተል የፊተኛው ጭቃ አለበሰው። አንዷን ላጠ። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋን ላጠ። ከዚያ የፊተኛው ኩርባው ላይ ተንሸራቶ ከመንገዱ ወጣ።

ከፊቱ ማንም የለም! ሃያ ዓመት የናፈቀውን ባዶ መንገድ ጥርት አድርጎ ማየት አማረው። እጁን ሰዶ በስስት ጎተተ። የቀሩት ላስቲኮች በሙሉ አንድ ላይ ተነቅለው በነፋስ ሄዱ።

አንድ ዙር አየ፤ እንዴት ያምር ነበር! ወዲያው ግን አንድ ዙር ሊደርብባቸው መጨረሻ ላይ ከቀሩት መኪኖች ኋላ ደረሰ፤ እነሱ የሚረጩት ጭቃ መስታወቱን ደፈነው። በጓንቱ ቢጠርገው ባሰበት። ሰው ከምገድል ብሎ ወደ መሃል ሜዳው ወጣና ሞተሩን አጠፋ።

ኖሊን ሹካዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። “መስታወቱን ወደ ላይ አንሳው እንጂ፣ ትታፈናለህ!”

“ስንት ዙር ቀረ?”

“ሦስት።”

“እንግዲያው ተይኝ፣ አላለቀማ።”

ምንም ሳያይ ተቀመጠ። መኪኖቹ እያጓሩ በዙሪያው ባለፉ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሞተውን ነዳጅ መስጫ እስከ ወለሉ ይረግጠው ነበር።